ውሃ፣ ሃይላንድ እና አምቦ

የአማርኛችን ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሌላው ሕዝብ አንድ "ውሃ" አለው፤ ሲፈልግ "ጋዝ ያለው"፣ ሳይፈልግ "ጋዝ የሌለው" እያለ ቅጽል ይቀጥልበታል። እኛ ግን በቅጽል አልረካንም፤ ለየብቻ ስም አወጣንላቸው። ከቧንቧ የሚወርደው፣ መውረዱ ሲቀናው፣ "ውሃ" ነው። በፕላስቲክ የታሸገው "ሃይላንድ" ነው። የሚንተከተከው ደግሞ "አምቦ" ነው። ሃይላንድ መጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ ስሙ ከባለቤቱ ሸሽቶ የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል፤ ቆራሌው እንኳ "ባዶ ሃይላንድ" ነው የሚገዛው። አምቦም እንደዚሁ ከከተማ ስምነት ወደ መጠጥ ስምነት ተሻግሯል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የተጸውዖ ስም እንዴት የወል ስም እንደሚሆን ለማስረዳት ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ ምሳሌ አልነበረኝም። ተማሪዎቼ የረሱት ብዙ ነገር ቢኖርም ይኼን የረሱ አይመስለኝም።

ታዲያ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ "ውሃ ይሁን ወይስ አምቦ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያውቀው አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል። አምቦ ውሃ አይደለም ብሎናል። እውነት አይደለም? አንዲት ጡረተኛ ጎረቤቴ በቅርቡ የጠየቁኝም ይኼንኑ ነው። "አንተ መምህር፣ ልጄ ከውጭ ደውላ የጋዝ ውሃ አጥንት ይበላል አለችኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከምግብ በኋላ የምጠጣው እሱን ነው። ከደህናው ውሃ ጋር እኩል ነው ወይስ አይደለም?" አሉኝ። ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሁንና በዚህ አገር "መምህር" የተባለ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ ጥያቄው ተገቢ መልስ ይገባዋል።

ከታሪኩ እንጀምር። በውሃ መዳን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዋና ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዳር ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ሠፈሩና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደች። አምቦም ብትሆን በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ሰው በውሃዋ ጤና ያገኛል ብሎ የሚያምን ትውልድ ያወጣው ስም ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ አያሻውም። የአምቦ ውሃ ጋዙን ይዞ ከምድር ሆድ ይወጣል። የፈረንጆቹ ደግሞ ከቢራ ጠመቃ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሰባኪና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊድስ ከተማ ውስጥ ከአንድ ቢራ ፋብሪካ አጠገብ ይኖር ነበር። ከሚፈላው የቢራ ጋን በላይ የሚንሳፈፈውን አየር ውሃ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1772 አሠራሩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የዚያን ጊዜ ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ይኼ ውሃ በረጅም የባሕር ጉዞ መርከበኞችን የሚፈጀውን የድድ መድማት በሽታ ይፈውሳል ተብሎ በካፒቴን ኩክ ሁለተኛ ጉዞ ላይ ተሞክሯል። አልፈወሰም። በሽታው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነበርና፣ ለመርከበኞቹ የሚያስፈልጋቸው ሎሚ እንጂ አረፋ አልነበረም። እንግዲህ የጋዝ ውሃ ገና ከመወለዱ ከአቅሙ በላይ ተስፋ ተጥሎበት ነበር ማለት ነው። ይኼን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አረፋው ራሱ ምንድን ነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እኛው ራሳችን በየትንፋሻችን የምናስወጣው ጋዝ። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ በመጠኑ ካርቦኒክ አሲድ የሚባል ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገን እሱ ነው። "ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ" ይላል ተረቱ። የዚህን ውሃ ጩኸት ያመጣው ደግሞ ጋዝ ነው።

አሁን ወደ ክሱ እንሂድ። የመጀመሪያው ክስ "የጋዝ ውሃ ጥም አይቆርጥም፣ እንዲያውም ሰውነት ያደርቃል" የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት 72 ወንዶችን የተለያየ መጠጥ እያጠጣ፣ ከጠጡት ውስጥ ምን ያህሉ በሽንት እንደወጣ ለካ። የጋዝ ውሃና ተራ ውሃ ልዩነት አላሳዩም። ሰውነት ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። ልዩነቱ ምናልባት ጋዙ ሆድን ስለሚነፋ ሰው ቶሎ "በቃኝ" ማለቱ ላይ ነው፤ ጋራ ወጥቶ የመጣ ሰው አንድ ጣሳ ተራ ውሃ ሳይተነፍስ ይጨልጣል፤ የጋዙን ግን እንዲያ ልጠጣ ቢል በአፍንጫው ይወጣል።

ሁለተኛው የጎረቤቴ ልጅ ክስ ነው፤ "አጥንት ይበላል"። ይኼ ወሬ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ነዋሪዎችን ለረጅም ዓመታት ሲከታተል የኖረ ትልቅ ጥናት አለ። ከዚያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ክፍል 1,413 ሴቶችንና 1,125 ወንዶችን መርምሮ፣ ኮላ አዘውትረው የሚጠጡ ሴቶች የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት አነስ ብሎ አገኘው። ልብ በሉ፣ ኮላ ነው ያለው። ኮላ ያልሆኑ ሌሎች ጋዝ ያላቸው ለስላሳዎች ላይ ያ ነገር አልታየም። ጥፋተኛው አረፋው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይከሰሱ ነበር። ወሬ ግን እንደ ወሬነቱ፣ "ኮላ" ያለውን "ጋዝ" አድርጎ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ለእናቴ እኩያ ጎረቤቴ፣ አጥንትዎን አይበላውም፣ ይጠጡ ብያለሁ።

ሦስተኛው የጥርስ ነገር ነው። እዚህ ላይ ክሱ ትንሽ እውነት አለው። አሲድ ደካማም ቢሆን አሲድ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ የቤተ ሙከራ ሥራ እንዳሳየው፣ ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ጥርስን የሚያሟሟው ከተራው ትንሽ ቢበልጥም፣ ከለስላሳ መጠጦች ጋር ሲነጻጸር ግን ጉዳቱ መቶ እጅ ያነሰ ነው። ነገሩ የሚከፋው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው። ሎሚ ጨምቀን ስንጠጣው አሲዱን አጠንክረነዋል፤ ከኮላ ጋር ስንበርዘው ስኳሩንም አብረን ጨልጠናል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ አልፎ ማለት ነው። ሻይ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ብናይ "ምን ነካው?" እንላለን። በጠርሙስ ሲመጣ ግን ማንም ምንም አይልም።

ጥርስ ካነሳን አይቀር ደግሞ "ተራ ውሃ" የምንለውም ሁልጊዜ ንጹሕ ባሕርይ እንደሌለው መናገር አለብኝ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂና መተሐራ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ታያላችሁ። ጋዝ ጠጥተው አይደለም። ከጉድጓድ የወጣ፣ ኩልል ያለ፣ ጠረን የሌለው፣ ልጅ ሆነው ከእናታቸው እጅ የተቀበሉት ውሃ ነው። ውስጡ ግን ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእነዚያ አካባቢዎች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ሲበዛና ሲቆይ ከጥርስ አልፎ አጥንት ይገባል፤ ጀርባ ያደርቃል፣ ጉልበት አልታጠፍ ይላል። ማፍላትም አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ "ተራ ውሃ ጤናማ ነው" ስንል የትኛው ተራ ውሃ፣ ከየትኛው ምድር ብለን መጠየቅ ሳይኖርብን አይቀርም። መልክማ ያታልላል።

አራተኛው ነገር ጠርሙሱ ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። የማዕድን ውሃ ከምድር ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ ያለፈበትን ዐለት ቀምሶ ነው የሚመጣው። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ደጎች ናቸው። ሶዲየምም ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ሶዲየም ቢወስድ ይመክራል። አንዱ ውሃ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው እንበል፤ ሁለት ሊትር የጠጣ ሰው 600 ሚሊ ግራም ወሰደ፤ የቀኑን ድርሻ ሲሶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ገና ሽሮው ሳይቀርብ! ለጤነኛ ሰው አንድ ሁለት ብርጭቆ ምንም አይደለም። ደም ግፊት ላለበት፣ ልቡን ወይም ኩላሊቱን ለሚታከም፣ ሐኪሙ "ጨው ቀንስ" ብሎት ቤቱ አልጫ ለሚያሠራ ሰው ግን ያቺን ደቃቅ ፊደል ማንበብ ግዴታ ነው። መነጽር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይገዛል?

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ፤ የእኛ የሀገር ልጆች ዋናው ጉዳይ እዚያ ነውና። ቁርጥ የበላ ሰው ለምን የጋዝ ውሃ ያዛል? "ይፈጭልኛል" ይላል። ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። ባይካርቦኔት የጨጓራን አሲድ ያበርዳል፤ ግሳቱም የተወጠረውን ያስተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኔፕልስ ውስጥ 21 የሆድ አለመፈጨትና ድርቀት ያስቸገራቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቢያንስ ለ15 ቀን የጋዝ ውሃ የጠጡት ተራ ውሃ ከጠጡት ይልቅ እፎይታ አግኝተዋል። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን ነገሩ ፍንጭ ይሰጣል። በአንጻሩ ቃር የሚያስቸግረው፣ ሆዱ ቶሎ የሚነፋ ሰው በጋዝ ውሃ ሊብስበት ይችላል። ሁሉም ሆዱን ያውቃል።

ችግሩ እዚሁ ላይ ነው የሚጀምረው። እፎይታና ፈውስ ይምታቱብናል።

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ግጥም ያስተምር ነበር፤ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ። ጨጓራውን ያቃጥለዋል። ክፍል ሲገባ በአንድ እጁ ኖራ፣ በሌላው የጋዝ ውሃ ጠርሙስ ይዞ ነው። ሲያቃጥለው ይጎነጫል፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያገሳል፣ "አሁን ደህና ነኝ" ይልና ወደ ስንኙ ይመለሳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ባለቤቱ "ሐኪም ቤት ሂድ" ስትለው "ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲታመሙ ነው፤ ጨጓራ የሌለበት ኢትዮጵያዊ ማን አለ?" ይላት ነበር። እውነቱን ነው፤ ጨጓራ እኛ ዘንድ በሽታ ሳይሆን የጸባይ ዓይነት ሆኗል። ሽሮ ይነሳል፣ በርበሬ ይነሳል፣ ተልባ ይጠጣል፣ ወተት ይጠጣል፣ ኑሮ ይቀጥላል። በመጨረሻው ወር ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፤ ይኼን ለሚስቱ እንኳ ለመናገር አፈረ። ስንኝ ለመተንተን አፉ የማይያዝ ሰው፣ ነፍሱን ለማዳን ያቺን አንድ ቃል ከአፉ ማውጣት ከበደው። አንድ ከሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ ወደቀ። ጨጓራው ቆስሎ እየደማ ነበር።

ዳነ። ደም ተሰጠው፣ ተመረመረ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘበት። የጨጓራ ቁስል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጭንቀትና ከበርበሬ ሳይሆን ከዚህ ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ዓለም አላምን ሲል ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይኼው ባክቴሪያ ካልታከመ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጨጓራ ካንሰር እንደሚያመጣ ከታወቀም ቆይቷል። መድኃኒቱ ደግሞ አሲድ ከሚቀንስ ክኒን ጋር የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። ሦስት ዓመት ጠርሙስ የተሸከመ ሰው በሁለት ሳምንት ክኒን ተገላገለ። ልጠይቀው ስሄድ አልጋው ላይ ተደግፎ "ውሃውማ ምን በደለኝ? አላሳመመኝም። ሐኪሙን ነው ያስረሳኝ" አለኝ። ከግጥም ትምህርቶቹ ሁሉ ይልቅ ይኼ ይታወሰኛል።

ፕሪስትሊን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። መርከበኞቹን የጎዳቸው የጋዝ ውሃው አልነበረም፤ ከሎሚው ይልቅ እሱ ላይ የተጣለው ተስፋ ነው። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ያሉት አባቶቻችን ወንዙን አይተው ቢሆንም፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለውም አንዳንዴ ይኼ ጸባይ አያጣውም። ስለዚህ ማቃጠሉ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ጠርሙሱን ያስቀምጥና ይመርመር። ይኼን ቃል ለመናገር ማፈር አያስፈልግም። እኔም ይኸው በጋዜጣ ተናገርኩት።

እንግዲህ ፍርዱ ይኼ ነው። ስኳር ያልገባበት የጋዝ ውሃ ውሃ ነው፤ ጥም ይቆርጣል፣ አጥንት አይበላም፣ ጥርስ ላይ የሚያደርሰው እምብዛም ነው። ሶዲየሙን አንብቡ፣ ሆዳችሁን አዳምጡ፣ መድኃኒት አታድርጉት። ለስላሳ አልተው ላለ ሰው ደግሞ ከዚያ ሱስ መውጫ ጥሩ ድልድይ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ድሮ ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ ስናዝ፣ ሳንጠይቅ አንድ ብርጭቆ ውሃ አብሮ ይመጣ ነበር። ማንም ሒሳብ አይጠይቅበትም። ሻይ ቤትም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ጆግ ነበር፤ መንገደኛም ጎራ ብሎ ቢጠጣ የሚቆጣው አልነበረም። ውሃ የለመነን መከልከል ነውር ነዋ! ዛሬ "ውሃ" ስትሉ "ትልቁ ይሁን ትንሹ?" ነው መልሱ። ጆጉ ከብዙ ጠረጴዛ ላይ ተነሳ። ቧንቧውን ስላላመንነው ነው ይባላል፤ እውነት አለው። ግን ቧንቧውን ባላመንን ቁጥር ቧንቧው እንዲሻሻል የሚጮኸው ሰው ይቀንሳል፤ ሃይላንድ የሚገዛ ሰው ስለ ፈረቃ ውሃ ምን አገባው? በፈረቃ የምትመጣዋን ውሃ ሌሊት ተነስታ በበርሜል የምታጠራቅም እናት፣ ከቦኖ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ የምትመለስ ልጅ፣ ወንጂ አካባቢ ጥርሷን ለመደበቅ በመዳፏ ከልላ የምትስቅ ወጣት፣ የእነሱ ጥያቄ አረፋ ይኑረው አይኑረው አይደለም።

ጋዝ ያለው ከሌለው ጋር እኩል ነው ወይ ተብሎ ተጠይቆ ተመልሷል፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እኩል ያልሆኑት ጠጪዎቹ ናቸው።